ከቀብድ በፊት፦ በአዲስ አበባ ቤት ገዢ አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው

በአዲስ አበባ ቤት መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ የብዙ ዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የዘመድ ብድርና ከውጭ አገር የተላከ ድጋፍ በአንድ ፊርማ ላይ የሚሰበሰብበት አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሀብት የሚወጣበት ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ደላላው «ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ሊዋዋል ነው» ባለ ማግስት፣ ቤቱም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በበጋ ፀሐይ ከታየ በኋላ ነው። ገዢው እውነተኛ የመደራደር አቅም ያለው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ጉድለት በአመዛኙ በሽማግሌ ልመና ወይም በፍርድ ቤት ክርክር የሚፈታ፣ ወጪውም ጭንቀቱም በገዢው ላይ የሚያርፍ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የዝግጅቱ ሥራ ሁሉ፣ ከሰነድ ማጣራት ጀምሮ እስከ ባንክ ስሌት ድረስ፣ ወደዚያ ጊዜ መሰብሰብ ይኖርበታል።

የሚገዛው መብት

በኢትዮጵያ ቤት የሚገዛ ሰው መሬት አይገዛም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትን የግል ባለቤትነት ያስቀረ ሲሆን፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና ሊሸጥ ሊለወጥ እንደማይችል ደንግጎ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ግን የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብት እንዳለው አረጋግጧል። በመሆኑም በገበያው ላይ የሚተላለፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሕንፃው ራሱ ሲሆን፣ ሌላው ሕንፃው ባረፈበት ቦታ የመጠቀም መብት ነው። የዋጋው ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ያለው በሁለተኛው ላይ ስለሆነ፣ ገዢው ከወለሉ ሴራሚክና ከወጥ ቤቱ ካቢኔት አስቀድሞ ይህ መብት ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት።

የአዲስ አበባ ይዞታዎች በሁለት ዐበይት ክፍሎች ይመደባሉ። ነባር ይዞታ የሚባለው የሊዝ ሥርዓት ከመዘርጋቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘና በየዓመቱ አነስተኛ የቦታ ኪራይ የሚከፈልበት ሲሆን፣ የሊዝ ይዞታ ደግሞ በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን በውል የተሰጠ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት ያደረገ ሲሆን፣ ብዙ ገዢዎች ልብ የማይሉት ሌላ ድንጋጌም አለው፤ ይኸውም በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ሻጩ በየዓመቱ ይከፍለው የነበረው ጥቂት ብር በገዢው እጅ ወደ ሊዝ ክፍያ ይለወጣል ማለት ነው። ቦታው ቀድሞውኑ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ከፍሎ ያልጨረሰው የሊዝ ዕዳ ከነወለዱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደቀረውና ማን እንደሚከፍለው በዋጋው ድርድር ውስጥ ገብቶ በውሉ ላይ መጻፍ ይገባዋል። በተለይ ግንባታው ያልተጋመሰ የሊዝ ቦታ ሲተላለፍ ሕጉ ሻጩ ከዝውውሩ ሊያገኝ የሚችለውን ጥቅም በእጅጉ ስለሚገድብ፣ «መሠረቱ ወጥቷል» እየተባለ የሚሸጥ ባዶ ቦታ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ውጪ ያሉት የጨረቃ ቤቶችና ሰነድ አልባ ይዞታዎች ናቸው። የከተማው አስተዳደር እንዲህ ያሉትን ይዞታዎች በመመሪያ ሕጋዊ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም. በተነሳ የአየር ፎቶ ላይ መታየቱም ለውሳኔው መሠረት ሲሆን ኖሯል። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ይህንን ሂደት ነው። ሂደት ግን መብት አይደለም፤ ገዢው እንዲህ ያለውን ቤት በካርታ ዋጋ ከገዛ ገና ያልተሰጠ ውሳኔን በሙሉ ዋጋ ገዝቷል።

ማህደሩ

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በሕዝቡ ዘንድ የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ ይታያል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። በአንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ማስረጃው ከደንብ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ ሲረጋገጥ ይህ ግምት እንደሚፈርስ ይናገራል። ካርታ ማለት እንግዲህ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሊፈርስ የሚችል ግምት ነው፤ ጥንካሬውም የሚለካው በክፍለ ከተማው የመሬት መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ካለው ማህደር ጋር በመስማማቱ ነው።

በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች መስኮት ፊት በማናቸውም የሥራ ቀን ጠዋት የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ባለጉዳዮች የካርታ ቅጂ በፕላስቲክ ማህደር ይዘው ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሻጭ ይዞ መጥቶ «ዕዳና ዕገዳ ይጣራልን» ይላል፣ ሌላው የጠፋ ፕላን ይፈልጋል፣ ከኋላ የቆመው ደላላ ጉዳዩ ዛሬውኑ እንዲያልቅ በስልክ ይወተውታል። በዚያ መስኮት ውስጥ ያለው ማህደር ሲገለጥ፣ ቤቱ በባንክ መያዣ መመዝገቡን፣ ፍርድ ቤት የዕግድ ትእዛዝ መላኩን፣ ቀድሞ የተሰጠ ካርታ መክኖ በሌላ መተካቱን፣ ወይም በወራሾች መካከል ያልተቋጨ ክርክር መኖሩን የሚያሳዩ ደብዳቤዎች ሊገኙ ይችላሉ። ማጣሪያው በባለይዞታው ጥያቄ የሚከናወን በመሆኑ ገዢው ብቻውን ሄዶ ሊያገኘው አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ገዢውን ይዞ ወደ ማህደሩ ለመሄድ የማይፈቅድ ሻጭ፣ ሳይናገር ብዙ ነገር ተናግሯል።

ማህደሩ ከታየ በኋላ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ማስተያየት ይቀራል። በካርታው ላይ 200 ካሬ የተጻፈለት ግቢ በአጥር ሲለካ 230 ካሬ ቢሆን፣ ትርፉ 30 ካሬ የመንገድ ወይም የጎረቤት ይዞታ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢው ነገ የሚፈርስ አጥር ዛሬ ገዝቷል። በግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ በግንባታ ፈቃዱ ላይ ከሌለ ለዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በከተማዋ የሕጋዊ ካዳስተር ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ለክቶ ወሰኑንና ባለመብቱን በማረጋገጥ የመመዝገብ ሥራ፣ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተደነገገ ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ተረጋግጦ የተመዘገበ ይዞታ በወሰን በኩል ለገዢው የበለጠ ዋስትና ይሰጣል። ከዚሁ ጋር የአካባቢው የልማት ፕላን መጠየቅ አለበት፤ መንገድ የሚሰፋበት፣ የወንዝ ዳርቻ የሚከለልበት ወይም የመልሶ ማልማት ሥራ የታሰበበት ቦታ ከሆነ፣ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ይዞታ ካሳ የሚሰላው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በተቀመጠው ሥርዓት እንጂ ገዢው ለሻጩ በከፈለው የገበያ ዋጋ ስላልሆነ፣ ልዩነቱን የሚሸከመው ገዢው ነው። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ በመሀል ከተማ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ነበረበት።

የሚሸጠው ሰው

በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት፣ በሕጋዊ ስሙ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ ወረፋው ደርሶ መዝጋቢው ፊት ከቀረቡ በኋላ የሚቋረጡ ሽያጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጡት በአንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ «ባለቤትዎ አልመጡም?» የሚል። ሻጩ ካርታው በስሜ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ገዢው የሲፒኦ ክፍያውን በኪሱ ይዞ ግራ ይጋባል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት መልኩ፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ እንዲፈርስ መጠየቅ ስለሚችል፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ከሻጩ የሚጠየቀው ለገዢው ጥበቃ ጭምር ነው። ሻጩ የተፋታ ከሆነ የንብረት ክፍፍሉን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ቤቱ የወረሰው ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫውና የሌሎቹ ወራሾች ስምምነት መታየት አለበት። ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድም የቀረበት የወራሾች ፊርማ፣ ስንት ሰው ቢፈርምበት ያው ጎደሎ ነው።

በውክልና የሚሸጥ ቤት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ያስፈልገዋል፤ በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚሸጡትም የሚገዙትም በአብዛኛው በዘመድ እጅ ስለሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያስችልም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር የሚችል ሲሆን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ፊት፣ ገዢው ሰነዱ ዛሬም መጽናቱን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥና የሚቻል ከሆነም ወካዩን በስልክም በምስልም አግኝቶ ማነጋገር ይኖርበታል።

የውክልና ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በስፋት የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት፣ ከመነሻውም ቤት ለሌላቸው በዕጣ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት ቤቱን እንዳይሸጥ ገደብ ተጥሎበታል፤ በ20/80 መርሐ ግብር የተገኘ ቤትም 80 በመቶው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር የተሸፈነ ስለሆነ ዕዳው እስኪያልቅ በመያዣነት ይቆያል። ገደቡን ለመሻገር ገበያው የፈጠረው ዘዴ፣ ሻጩ ለገዢው የማይሻር የሚባል ውክልና እየሰጠ፣ አንዳንዴም የብድር ውል ወይም ኑዛዜ እየተጨመረበት፣ ሙሉ ዋጋውን መቀበል ነው። ገዢው ቁልፍ ተረክቦ ይገባል፤ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያም በሻጩ ስም ይከፍላል። ሻጩ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም የቤቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ አድጎ ሐሳቡን ቢለውጥ ግን በመዝገብ ላይ ያለው ስም የሻጩ ብቻ ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ዋጋው ስለረከሰለት እንደተጠቀመ ይቆጥራል፤ ርካሽነቱ ግን የአደጋው ዋጋ ነው። የአምስት ዓመቱ ጊዜ ያለፈበትና ዕዳው የተጠናቀቀ ቤት በተገኘ ጊዜም ቢሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤት ከግል ቤቱ ጋር በደረጃው፣ በጣራውና በግቢው ላይ የጋራ ድርሻ ስለሚኖረው፣ የሕንፃው ማኅበር መዋጮ በወቅቱ መከፈሉንና ውዝፍ አለመኖሩን ከኮሚቴው መጠየቅ ደግ ነው።

ግድግዳውና አፈሩ

የሰነዱ ጉዳይ ከተጣራ በኋላ ቤቱ ራሱ በባለሙያ ዓይን መታየት ይኖርበታል። የአዲስ አበባ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ሰፋፊ ክፍሎች፣ ከቦሌና ከሰሚት አንሥቶ እስከ አቃቂ ቃሊቲ ድረስ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ያረፉ ናቸው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ይህን እንቅስቃሴ ታሳቢ አድርጎ፣ አፈሩ ተቆርጦ በተመረጠ ሙሌት ካልተተካ ወይም መሠረቱ ወደ ጠንካራው ንጣፍ ካልወረደ፣ ቤቱ በየዓመቱ በትንሹ ከፍና ዝቅ ይላል።

በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ወደ እንዲህ ያለ ግቢ የገባ መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚመለከተው ሳሎኑን አይሆንም። ውኃው ከጣራው ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በአጥሩ ሥር የቆመ መኖሩንና የግቢው ንጣፍ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ያያል። ቀጥሎ ከመስኮትና ከበር ማዕዘኖች በሰያፍ የሚወጡ ስንጥቆችን ይፈልጋል፤ በልስኑ ላይ ብቻ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ብዙም የማያሳስቡ ሲሆኑ፣ ብሎኬቱን አልፈው የሚሄዱና ጣት የሚያስገቡ ሰያፍ ስንጥቆች ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይናገራሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ካለ ምክንያቱን ይጠይቃል። በሮች ሳይገፉ የሚዘጉ መሆናቸውን ይሞክራል፣ ሴራሚኩን በቁልፍ ጫፍ እየቆረቆረ ባዶ ድምፅ ይሰማል፣ በሶሌታው ሥር የውኃ ምልክትና የፌሮ ዝገት ይፈልጋል፣ ወደ ጣራው ወጥቶ ሮቶውን ያያል፤ ፓምፑን አስጠፍቶም ቧንቧውን ይከፍታል፤ ምክንያቱም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሙሉ ሮቶ የቧንቧውን እውነተኛ ሁኔታ ይሸፍናል። ለእንዲህ ያለ ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሆኖ ሳለ፣ ለደላላ ያለማመንታት የሚከፍሉ ገዢዎች ለመሐንዲስ መክፈልን እንደ ብክነት መቁጠራቸው የሚያሳዝን ልማድ ነው።

ፎቅ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ከዚህ በላይ መጠየቅ አለበት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ፣ ከተማዋ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ መሆኗን ለረሳ ሁሉ ያስታወሰ ክስተት ነበር። በሕንፃ ሕጉ መሠረት ሕንፃ ከመገንባቱ በፊት የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከግንባታው በኋላ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ማለትም ሕንፃው በፈቃዱ መሠረት መሠራቱንና ለመገልገል ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ የሚሰጥበት ሥርዓት አለ። በአራት ፎቅ ፈቃድ ስድስት ፎቅ የተሠራበት፣ ወይም የመሬት ወለሉ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ አልባ ሆኖ በኮለኖች ላይ ብቻ የቆመ ሕንፃ፣ ኮለኖቹ ለዚህ ተብለው ካልተነደፉ፣ በንዝረት ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው ወለሉ የታችኛው ነው።

ያልተሠራ ቤት

ከሪል እስቴት አልሚ በንድፍ ላይ ያለ ቤት መግዛት ከላይ የተነገሩትን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ድርጅት ያዞራቸዋል። የቦታው ካርታ በድርጅቱ ስም ነው፤ ድርጅቱም ለግንባታ የሚበደረው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቦታ አስይዞ ነው። በመያዣነት በመዝገብ የሰፈረ ባንክ ዕዳው ሳይከፈለው ሲቀር፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረቱን በሐራጅ መሸጥ ስለሚችል፣ ክፍያውን ግማሽ ያደረሰ ነገር ግን በስሙ ምንም ያልተመዘገበለት ገዢ ከባንኩ ኋላ ይሰለፋል። በአገሪቱ ቅድመ ክፍያ ሰብስበው ቤት ያላስረከቡ አልሚዎች ያስከተሉት የዓመታት እንግልት የሚታወቅ ሲሆን፣ የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. መውጣቱም ዘርፉ ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ ሕግ እንዳልነበረው ያሳያል። ስለዚህ ገዢው የአልሚውን ፈቃድ፣ የቦታውን የሊዝ ውልና የዕዳ ማጣሪያ፣ የግንባታ ፈቃዱንና ድርጅቱ ከዚህ በፊት አስረክቦ በነዋሪዎቹ ስም ካርታ ያስወጣባቸውን ሕንፃዎች መጠየቅ፣ ክፍያውንም ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይሆን ከግንባታው ደረጃ ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። ስፋቱም መነጋገሪያ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ 120 ካሬ የሚባለው ቤት የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ሲቀነስለት የተጣራ የመኖሪያ ስፋቱ 95 ካሬ ሊሆን ስለሚችል፣ የካሬ ዋጋ የሚነጻጸረው ሁለቱ ቤቶች በአንድ ዓይነት ልኬት ሲለኩ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብዙ ውሎች ላይ የሚታየው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም ጣሪያ ያልተቀመጠለት ከሆነ፣ ገዢው ዋጋው ያልታወቀ ቤት ተዋውሏል። በሌላ በኩል ሕጉ ለገዢው የሰጠውም ትጥቅ አለ፤ ገና ያልተሠራ ቤት ለማስረከብ የሚደረግ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ ግንባታ ሥራ ውል የሚታይ ሲሆን፣ በአንቀጽ 3039 መሠረት ሠሪው ከርክክብ በኋላ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው።

ገንዘቡ

አቅምን ማወቅ ቤት ከማየት የሚቀድም ሥራ ነው። ለስሌት ያህል 3 ሚሊዮን ብር በዓመት 17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢወሰድ፣ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 44 ሺህ ብር የሚደርስ ሲሆን፣ በዘመኑ መጨረሻ የሚከፈለው በጠቅላላው ከ10 ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ይሆናል። ያው ብድር በ10 ዓመት እንዲያልቅ ቢደረግ ወርኃዊው ወደ 52 ሺህ ብር ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው ግን ወደ 6 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ይወርዳል። በወር ስምንት ሺህ ብር ገደማ የጨመረ ቤተሰብ ከአራት ሚሊዮን ብር በላይ አተረፈ ማለት ነው፤ ይህ ልዩነት በሻጭና በገዢ መካከል ለሳምንታት ከሚካሄደው የዋጋ ክርክር ሁሉ ይበልጣል። ከዚህ ሌላ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የተጣለው የ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ የከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ የደላላ ኮሚሽንና የዕድሳት ወጪ በዋጋው ላይ ይታከላሉ። ቤት በማስተላለፍ ከሚገኝ ጥቅም ላይ የሚከፈለው ግብር፣ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 በ15 በመቶ መጣኔ የተጣለው፣ በሕግ የሻጩ ዕዳ ቢሆንም በድርድር ወደ ገዢው ሲዞር ስለሚታይ፣ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነገር፤ መጣኔዎችም ስለሚሻሻሉ በወቅቱ የሚሠራበትን ከገቢዎች ቢሮ መጠየቅ ይገባል። ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ገዢው በጽሑፍ ሊያስረዳ የሚችለው የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ከሕገወጥነቱም በላይ በራስ ላይ የሚፈጸም ጉዳት ነው።

ቀብድና ፊርማ

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ቀብድ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ሲሆን፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር በቂ ትኩረት አያገኝም፤ ቀብዱ በጣም ትልቅ ሲሆን ገዢው ጉድለት ቢያገኝ እንኳ ማፈግፈግ ይሳነዋል፣ በጣም ትንሽ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ዋጋ ያገኘ ሻጭ እጥፉን ከፍሎ በቀላሉ ይሄዳል። መጠኑ እንዳለ ሆኖ፣ ካርታው ሲጣራ ዕዳ፣ ዕገዳ ወይም የባለመብት ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ገዢው ካላስጻፈ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይደርስበታል።

በቤት ውስጥ በሁለትና ሦስት ምስክሮች ፊት የሚፈረመው የመንደር ውልም በራሱ አይበቃም። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ሻጩ ውሉን ክዶ በተከራከረበት ጊዜ በዚህ ሥርዓት ያላለፈ ውል እንደማይጸና የተረጎመበት ውሳኔ አለ። በውልና ማስረጃ ፊት የተፈረመ ውል እንኳ በሁለቱ ተዋዋዮች መካከል ግዴታን ይፈጥራል እንጂ ባለቤትነቱን በዚያች ዕለት አያዛውርም፤ በአንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው፣ ሽያጩም በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ብቻ ነው። በፊርማውና በስም ዝውውሩ መካከል ባሉት ሳምንታት የሻጩ አበዳሪ ቤቱን ሊያሳግድ፣ ግብር ያልተከፈለበት ዓመት ሊወጣ፣ ፋይሉ ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም ገዢው ከዋጋው የተወሰነውን፣ ሻጩ ቀሪውን ለማግኘት ሲል ዝውውሩን እስከ መጨረሻው እንዲከታተል የሚያደርገውን ያህል፣ ካርታው በስሙ እስኪወጣ ድረስ በውሉ ላይ አስጽፎ ያቆይ፤ የከተማውን የስም ማዛወሪያና የቴምብር ክፍያም ሳያድር ይፈጽም። በሻጩ ስም ተመዝግቦ የቆየ ቤት፣ ዋጋው ተከፍሎ ገዢው ከነቤተሰቡ ቢኖርበትም፣ በሕግ ፊት ገና የሻጩ ቤት ነው።